ያልተማከለ መረብና የስደተኛው ጽሑፍ፤ ስለ መረጃ ባለቤትነት የቀረበ ሂስ

«ያልተማከለ» የሚለው ቃል ለዚህ መጽሔት አንባቢያን እንግዳ አይደለም። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ ስለ አገራችን አስተዳደር በተጻፈው ሁሉ ሲመላለስ የኖረ፣ አንዱ ወገን እንደ መድኃኒት ሌላው እንደ መርዝ የሚቆጥረው ቃል ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ግን የአስተዳደርን ሳይሆን የኢንተርኔትን ዓለም ነው። ባለፉት ዐሥራ አምስት ዓመታት ገደማ በአሜሪካና በአውሮፓ አንድ የአስተሳሰብ ወገን ተነሥቶ፣ ሰዎች የሚጽፉት ሁሉ፣ ፎቶግራፋቸውና የወዳጅ ዘመዳቸው ዝርዝር ሳይቀር፣ በጥቂት ኩባንያዎች መጋዘን መከማቸቱ ይብቃ፤ እያንዳንዱ በራሱ ወይም በማኅበሩ ማሽን ያስቀምጥ፤ ማሽኖቹም በአንድ የጋራ መነጋገሪያ ደንብ፣ ማለትም በፕሮቶኮል፣ ይገናኙ እያለ ይሰብካል። ይህን ትምህርት ከእኛም ወገን የኮምፒዩተር ሙያ ያላቸው ወጣቶች ተቀብለው በየማኅበሩ ስብሰባ ሲያቀርቡት እንሰማለን። የሚያገኙት ምላሽ ወይ ጭብጨባ ወይ ዝምታ ነው፤ ሂስ አላገኙም። የእኛ አቋም ባጭሩ የሚከተለው ነው። ትምህርቱ በሽታውን በትክክል ለይቶአል። ነገር ግን «መረጃን በእጅ ማድረግ» በሚል አንድ ስም ሁለት የሚቃረኑ ነገሮችን፣ ጽሑፍን ከጥፋት ማዳንንና ጽሑፍን ከባዕድ ዓይን መጠበቅን፣ አጣምሮ ያቀርባል፤ ስለዚህም ለስደተኛ ማኅበረሰብ እንዳለ የሚወሰድ አይደለም። (ከዚህ በኋላ የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

በመጀመሪያ ነገሩ ለምን እኛን እንደሚመለከት እንግለጽ። የራሱ መንግሥት ያለው ሕዝብ ቤተ መዛግብት አለው፤ የታተመው ሁሉ አንድ ቅጂ እንዲቀመጥ የሚያስገድድ ሕግ አለው። ስደተኛው ያለው የጻፈው ብቻ ነው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ በአውሮፓና በሰሜን አሜሪካ የነበሩት የተማሪ ማኅበራት በስቴንስል እያባዙ በፖስታ ይበትኗቸው የነበሩት መጽሔቶች ዛሬም በአንዳንድ የዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍትና በየሰዉ ምድር ቤት በካርቶን ተቀምጠው ይገኛሉ። ወረቀቱ ቢጫ ሆኖአል፤ ይነበባል። በቅርብ ዓመታት የተጻፈው ግን፣ የሙት ዓመት መታሰቢያው፣ የቤተ ክርስቲያን ክርክሩ፣ የፖለቲካ ድርጅቱ መግለጫ፣ የእስረኛው የምስክርነት ቃል፣ አብዛኛው ያለው በፌስቡክ፣ በዩቲዩብና በቴሌግራም ነው። የዚህ ሁሉ ባለቤት ማን እንደ ሆነ ለማወቅ ረጅሙን ውል ማንበብ አያሻም፤ የደረሰውን ማየት ይበቃል። ያሁ የሰዎችን የግል ገጾች ያኖርበት የነበረውን ጂኦሲቲስን በኦክቶበር 2009 ዘጋ። ጉግል ፕላስ በኤፕሪል 2019 ለተራው ተጠቃሚ ተዘጋ። ማይስፔስ ደግሞ ከዚያ አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ከ2015 በፊት በመጋዘኑ የተቀመጠው ሙዚቃ ሊመለስ በማይችል ሁኔታ እንደ ጠፋ አመነ። ዜማው የማን እንደ ሆነ ያከራከረ አልነበረም፤ የዜማው ደራሲ ነበር። መጋዘኑ ግን የእርሱ አልነበረም።

እንግዲህ ያልተማከለውን መረብ የሚሰብኩት ሰዎች መነሻቸው ይህ ነው፤ በዚህ እንስማማለን። የመጀመሪያው ዝነኛ ሙከራቸው ስሙ እንኳ ለእኛ ጆሮ ቅርብ ነው፤ «ዲያስፖራ» ይባላል። በፌብሩዋሪ 2010 የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲው የሕግ መምህር ኤበን ሞግለን በኒው ዮርክ ባሰሙት ንግግር፣ ሰዎች ለነጻ አገልግሎት ሲሉ የግል ሕይወታቸውን ለሰላይ እንደ ሰጡ ነቅፈው፣ ሁሉም በቤቱ የራሱ ትንሽ ሰርቨር እንዲኖረው አሳሰቡ። ያን ሐሳብ ይዘው የተነሡ አራት የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 10,000 ዶላር ለማሰባሰብ ለሕዝብ ጥሪ አቅርበው ከ200,000 ዶላር በላይ አገኙ። ከለጋሾቹ አንዱ የፌስቡክ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ ራሱ ነበር። (ባላጋራ የተባለው ሰው መዋጮ ሲጥል ደስ የሚያሰኝ ይሁን የሚያሳስብ፣ ፍርዱን ለአንባቢ እንተወዋለን።) ተማሪዎቹ በ2012 ሥራውን ለበጎ ፈቃደኞች አስረከቡ። ሶፍትዌሩ እስከ ዛሬ አለ፤ ፌስቡክን ግን አልነቀነቀውም።

ከዲያስፖራ ታሪክ ውስጥ ትምህርት ያለው ገንዘቡ ሳይሆን የኦገስት 2014 ገጠመኝ ነው። በዚያን ጊዜ ራሱን «እስላማዊ መንግሥት» ብሎ የሚጠራው ታጣቂ ቡድን ደጋፊዎች ከትዊተር ሲባረሩ ወደዚህ መረብ ተሰደዱ። ማዕከል የለምና አንድ አዝራር ተጭኖ ሊያስወጣቸው የሚችል ሰው አልነበረም። የሥራው አስተባባሪዎች ያደረጉት ነገር ቢኖር የተጠረጠሩትን ስሞች መዝግቦ ለየሰርቨሩ አስተዳዳሪ መጻፍና መለመን ነበር። ታላላቆቹ ሰርቨሮች ልመናውን ተቀብለው አስወጡአቸው። በዚህ ውጤት የሚያዝን የለም። ይሁንና ማን ይናገር፣ ማን ዝም ይበል የሚለው ውሳኔ የትም አለመጥፋቱን ልብ እንበል። ቀድሞ በአንድ ኩባንያ ጽሕፈት ቤት የነበረው ሥልጣን አሁን ስማቸውን ማንም በማያውቀው፣ ማንም ባልመረጣቸው ብዙ አስተዳዳሪዎች እጅ ተበትኖ ተገኘ።

የትምህርቱን ጥሩ መከላከያ የጻፉት ማይክ ማስኒክ ናቸው። በ2019 በኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ የናይት ተቋም ያሳተመላቸው ድርሰት፣ ርእሱ በግርድፉ «ፕሮቶኮል እንጂ ፕላትፎርም አይደለም» የሚል፣ የኢሜይልን ምሳሌ ያነሣል። የኢሜይል ደንብ በ1982 ከወጣ ወዲህ የማንም ንብረት አይደለም። በአንድ ኩባንያ አድራሻ ያለ ሰው በሌላው ኩባንያ አድራሻ ላለው ይጽፋል፤ ያልተስማማው ዕቃውን ጠቅልሎ ይሄዳል። ማኅበራዊ መገናኛውም እንዲሁ ቢሆን፣ ይላሉ ማስኒክ፣ ማጣሪያው የብዙዎች ይሆናል፤ ተጠቃሚው የሚወደውን ይመርጣል፤ መረጃውም በፈለገው ቦታ ይኖራል። ድርሰቱ በንጹሕ ልብ የተጻፈ፣ የተቃዋሚን ሐሳብ የማያጣምም ነው፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር የትዊተር ዋና ሥራ አስኪያጅ የነበረው ጃክ ዶርሲ ዛሬ ብሉስካይ የምንለውን ሥራ ሲያስጀምር በዋቢነት ጠቅሶታል። ማስኒክም በ2024 የብሉስካይ የቦርድ አባል ሆነዋል።

ነገር ግን የኢሜይል ምሳሌ ከማስኒክ ይልቅ ለእኛ ይመሰክራል። ደንቡ የማንም አይደለም፤ ሆኖም የዓለም ሕዝብ ኢሜይል ዛሬ በአብዛኛው በጥቂት ኩባንያዎች ማሽን ላይ ነው። ማንም አላስገደደም። የራስን ሰርቨር ማቆም ሌሊት መነሣት የሚጠይቅ ሥራ ስለ ሆነ ብቻ ሰው ወደ ጉግልና ወደ ማይክሮሶፍት ሄደ። ብሉስካይ በፌብሩዋሪ 2024 ያለ ግብዣ ለሁሉም ከተከፈተ በኋላ የገባው ሰው አብዛኛው ጽሑፉን የሚያኖረው በኩባንያው ማሽን ነው፤ በር መኖሩ አንድ ነገር፣ በበሩ የሚወጣ መኖሩ ሌላ ነገር ነው። ይህን ቀደም ብለው የተገነዘቡት አሌክሳንደር ጋሎዌይ ናቸው። በ2004 ባሳተሙት «ፕሮቶኮል» በተባለ መጽሐፋቸው የተበተነ መረብ ከቁጥጥር ነጻ ነው የሚለውን እምነት ነቅፈው፣ ደንቡ ራሱ አዲሱ የቁጥጥር መልክ እንደ ሆነ ተከራክረዋል። ማሽኖቹ እኩያሞች ቢመስሉም የአድራሻ ስማቸው የሚሰጠው ከላይ ወደ ታች እንደ ሹመት ነውና። መጽሐፉ ከወጣ ከሁለት ዐሥርት ዓመታት ገደማ በኋላ ነገሩ በገሃድ ታየ። በ2023 የማሊ መንግሥት የአገሩን የኢንተርኔት ስም አስተዳደር ከውጭ አስተዳዳሪ ሲረከብ፣ በዚያ ስም የቆሙ ያልተማከሉ ሰርቨሮች አድራሻቸውን አጡ። በፌብሩዋሪ 2024 ደግሞ በአፍጋኒስታን ስም ይጠቀም የነበረ አንድ የማስቶዶን ሰርቨር በታሊባን መንግሥት አድራሻው ተነጠቀ። ማሽኑ ከባለቤቱ ጋር ነበር፤ የሚጠራበት ስም ግን በሌላ እጅ ነበር።

ማስቶዶንን ከጠቀስን ዘንድ ጥቂት እንቆይበት፤ ያልተማከለው መረብ ትልቁ ሕያው ምሳሌ እርሱ ነው። ጀርመን አገር በሚኖረው ኦይገን ሮችኮ በ2016 የተጀመረ፣ በጃንዋሪ 2018 ዓለም አቀፍ ደረጃ በተሰጠው የጋራ ደንብ የሚሠራ፣ ትዊተር በኦክቶበር 2022 ለኢላን መስክ በ44 ቢሊዮን ዶላር ሲሸጥ ብዙ ሕዝብ የጎረፈበት ነው። ሰው ሰርቨሩን ሲለውጥ ተከታዮቹን ይዞ መሄድ ይችላል፤ ይህ ፌስቡክ ያልሰጠው መብት ነው፤ ሊመሰገን ይገባል። የጻፈው ግን አብሮት አይሄድም፤ በቀድሞው ሰርቨር ይቀራል። ለስደት ሰዎች ይህ አነጋገር ማብራሪያ የሚያሻው አይመስለንም። በዚያ ላይ በሰርቨሩ ውስጥ ሁለት ሰዎች በምስጢር የተጻጻፉት ለአስተዳዳሪው ዓይን የተዘጋ አይደለም። በሜይ 2023 የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ከአንድ ሰርቨር አስተዳዳሪዎች የአንዱን ቤት ከሰርቨሩ ጋር ባልተያያዘ ጉዳይ ሲፈትሽ፣ በቤቱ የተገኘውን የሰርቨሩን ያልተመሰጠረ ግልባጭ አብሮ ወሰደ። በዚያ ሰርቨር የነበሩት ሰዎች ከታላላቅ ኩባንያዎች ዓይን ሸሽተን አምልጠናል ብለው የገቡ ነበሩ። ታላቁ ኩባንያ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ፖሊስ ሲመጣ የሚከራከርለት የሕግ ክፍል ነበረው።

ሌላም አለ። በእነዚህ መረቦች የተጻፈ ነገር ወዲያው ወደ ብዙ ሰርቨሮች ይገለበጣል። ጸሐፊው ቢጸጸትና ቢሰርዝ፣ ከራሱ ሰርቨር ወደ ሌሎቹ የሚሄደው «እባካችሁ ሰርዙ» የሚል መልእክት ነው። የሰማ ይሰርዛል፤ ያልሰማ አይሰርዝም። እንግዲህ ይኸው መበተን ጽሑፍን ከጥፋት የሚያድን ሲሆን፣ በዚያው መጠን ከጸሐፊው ቁጥጥር ያወጣዋል። ሰባኪዎቹ ሁለቱን ጥቅም በአንድ ቃል ይጠሩአቸዋል፤ አንዱ ሲጨምር ሌላው እንደሚቀንስ ግን አይነግሩንም።

የመጀመሪያውን፣ ማለትም ከጥፋት ማዳንን፣ እንመልከት። በዚህ ረገድ ከሲሊከን ቫሊ ሳይሆን ከራሳችን ታሪክ የምንማረው ይበልጣል። የግእዝ መጻሕፍት ለዘመናት የኖሩት በየደብሩና በየገዳሙ ተበትነው ነው። የአንዱ ቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ቢቃጠል የሌላው ይተርፋል፤ ከተረፈውም ደግሞ ይገለበጣል። ዐፄ ቴዎድሮስ ለመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ሲሉ ከጎንደርና ከሌላም ስፍራ አሰባስበው በመቅደላ ያከማቹት የመጻሕፍት ሀብት ግን ከዚህ ልማድ የወጣ፣ በዘመናዊው ቋንቋ የተማከለ፣ ስብስብ ነበር። በኤፕሪል 1868 መቅደላ ሲወድቅ ምን እንደ ደረሰ አንባቢ ያውቃል። ከዚያ ስብስብ 350 ያህሉ በብሪቲሽ ሙዚየም ገብተው ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛሉ። ዐፄ ዮሐንስ ስለ ክብረ ነገሥት ጽፈው በ1872 አንድ ቅጂ ተመልሶላቸዋል። ንጉሡ መጻሕፍቱን የሰበሰቡት ለማጥፋት አልነበረም፤ ቤተ መጻሕፍት ለማቋቋም ነበር። የመማከል አደጋው ክፉ ሰው መጠየቁ ላይ አይደለም፤ ደግ አሳቢም ሲያከማች ለአንድ ቀን ዘረፋ የተመቸ ያደርገዋል።

የዚህ ተቃራኒ በ1973 በሚኔሶታ፣ ኮሌጅቪል፣ ከሚገኘው የሂል የብራና መጻሕፍት ቤተ መጻሕፍት ጋር በትብብር የተጀመረው የኢትዮጵያ ብራናዎች የማይክሮፊልም ሥራ ነው። ብራናው ከደብሩ አልወጣም፤ ፊልሙ ተነሣ፤ ቅጂው አዲስ አበባም ኮሌጅቪልም ተቀመጠ። በሺህ የሚቆጠሩ መጻሕፍት በዚህ መንገድ ተመዘገቡ። ይሁን እንጂ ማስተዋል የሚገባን ሥራው የተሳካው ቅጂው ስለ በዛ ብቻ አለመሆኑን ነው። በ1976 ወደ ሚኔሶታ የተሰደዱት ፕሮፌሰር ጌታቸው ኃይሌ ዐሥርት ዓመታት ተቀምጠው እያንዳንዱን መጽሐፍ አንብበው፣ ምን እንደ ሆነና የማን ደብር እንደ ሆነ እየለዩ በካታሎግ ባያሰፍሩት ኖሮ፣ ፊልሙ መጋዘን የሞላ ጥቁርና ነጭ ሥዕል ሆኖ በቀረ ነበር። ያልተማከለው መረብ ሰባኪዎች ስለ ማሽን ብዙ ይጽፋሉ፤ ስለ ካታሎግ፣ ስለ ካታሎጉ ሠሪ ደመወዝና ስለ ተተኪው ግን አንድ አንቀጽ አላነበብንላቸውም።

በእጅ መያዝ ብቻውን ምን ያህል ትንሽ ነገር እንደ ሆነ ደግሞ የፊደላችን ታሪክ ያስረዳል። በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ በአሜሪካና በአውሮፓ ያሉ የእኛ ሰዎች አማርኛን በኮምፒዩተር መጻፍ ሲጀምሩ፣ እያንዳንዱ የሶፍትዌር አዘጋጅ ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። የዚያ ዘመን የፊደል ሰንጠረዥ 256 ቦታ ብቻ ስለ ነበረው፣ የእኛ ፊደል ደግሞ ከዚያ ስለሚበልጥ፣ አንዱ በሁለት ሰንጠረዥ ይከፍለዋል፤ ሌላው ቅጥያውን ለብቻ ቆርጦ ይለጥፈዋል። በአንዱ የተጻፈው በሌላው ሲከፈት የተጨማለቀ የላቲን ምልክት ይሆናል። በዚያን ዘመን በስደት የታተሙ መጽሔቶች ብዙዎቹ እንዲህ ተጽፈው፣ በየአዘጋጁ መሳቢያ በፍሎፒ ዲስክ ተቀመጡ። እስቲ ነገሩን በሰባኪዎቹ መመዘኛ እንመዝነው። ዲስኩ በቤታችን ነው፤ ኩባንያ አልወሰደውም፤ መንግሥት አልወረሰውም፤ የመረጃው ባለቤት እኛው ነን። ዛሬ ማንበብ ግን አንችልም። ቁልፉ፣ ማለትም የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል መሆኑን የሚናገረው ሰንጠረዥ፣ ከሻጩ ጋር ቀርቶአል፤ አንዳንዱ ሻጭም ከገበያ ወጥቶአል። በዚያው ዘመን ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ «ሴራ» በመባል የታወቀውን፣ የግእዝን ፊደል በላቲን ሆሄ የመወከያ ደንብ ሲያዘጋጁ በግልጽ ለሁሉም አወጡት። በዚያ የተጻፈ ጽሑፍ ዛሬም ያለ ችግር ይመለሳል። በሴፕቴምበር 1999 ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ ቦታ ካገኘ ወዲህ ደግሞ ጉዳዩ ለሚመጣው ትውልድ በመሠረቱ ተፈትቶአል። የቀድሞው ግን አሁንም ሰው ይጠብቃል፤ ዲስኩም እየደረቀ ነው። የጋራ ደንብ ይኑር የሚለውን የማስኒክን ክርክር ሙሉ በሙሉ የምንቀበለው በዚህ ነጥብ ላይ ነው፤ ግልጽ ደንብ ከራስ ማሽን ይበልጣል።

ወደ ሁለተኛው፣ ከባዕድ ዓይን ወደ መጠበቅ፣ እንለፍ። እዚህ የስደተኛው ጉዳይ ከአንድ የሚቺጋን ወይም የበርሊን ነዋሪ ጉዳይ ጋር አንድ አይደለም። የእነርሱ ባላጋራ ማስታወቂያ ሻጭ ነው፤ የእኛ ባላጋራ ብዙ ጊዜ መንግሥት ሆኖ ተገኝቶአል። በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው ሲቲዘን ላብ በፌብሩዋሪ 2014 እንደ ገለጠው፣ የጣሊያኑ ሃኪንግ ቲም ኩባንያ የስለላ ሶፍትዌር በቤልጅግና በቨርጂኒያ ባሉ የኢሳት ጋዜጠኞች ላይ ተሞክሮአል። ከዚያ በፊት ደግሞ በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖር አንድ ትውልደ ኢትዮጵያዊ አሜሪካዊ፣ ለደኅንነቱ ሲል «ኪዳኔ» በሚል ስም የከሰሰ፣ በቤቱ ኮምፒዩተር በኢሜይል ተያይዞ በመጣ ሰነድ ምክንያት ከ2012 መጨረሻ እስከ 2013 መጀመሪያ ንግግሩና ጽሑፉ ሲሰለልበት እንደ ቆየ ለፍርድ ቤት አመልክቶአል። የዋሽንግተኑ የይግባኝ ፍርድ ቤት በማርች 2017 የውጭ መንግሥት የማይከሰስበትን ሕግ ጠቅሶ መዝገቡን ዘጋ። ኪዳኔ መረጃውን ያኖረው በገዛ ቤቱ፣ በገዛ ማሽኑ ነበር። የገዛ ማሽን ከስለላ ካላዳነ፣ ያውም ሌሊት የሚጠብቀው ባለሙያ የሌለው የማኅበር ሰርቨር እንዴት ያድናል? በዚህ ረገድ ለብዙ ሰው ምሥጠራ ያለው ስልክ ከራስ ሰርቨር ይሻላል ብንል ሰባኪዎቹ ይቆጡ ይሆናል፤ ማስረጃው ግን ወደዚያ ያደላል።

በአገር ቤት ያለው ወገናችን ጋር ለመገናኘትም ቢሆን የሰርቨሩ መበተን ፋይዳው ውሱን ነው። በጁን 2020 መጨረሻ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ መንግሥት ኢንተርኔትን በመላው አገሪቱ ሲዘጋ ለሦስት ሳምንታት ያህል ፌስቡክም ማስቶዶንም እኩል ጠፉ። ትግራይ ከኖቬምበር 2020 ጀምሮ ከዚያ እጅግ ለበለጠ ጊዜ ተቋርጣ ቆይታለች። ከላይ ያለው ቤት የቱንም ያህል ብዙ ክፍል ቢኖረው መሠረቱ አንድ ገመድ ከሆነ የገመዱ ባለቤት ይወስናል።

ስለ መረጃ ባለቤትነት የሚጻፈው ሁሉ ጸሐፊውን እንደ ባለሙያ፣ ባለ ቤትና ባለ ጊዜ አድርጎ ይቆጥራል። በቤሩት ወይም በሪያድ በሰው ቤት የምታገለግል እኅታችን ከእነዚህ አንዱም የላትም። አሠሪዋ ፓስፖርቷን ይይዛል፤ ስልኳንም ሊነጥቃት ይችላል። ያልተከፈላት ደመወዝ፣ የደረሰባት ድብደባ፣ የአሠሪዋ ቤት አድራሻ ማስረጃው ያለው በዚያች ስልክ ውስጥ በድምፅና በፎቶግራፍ ነው። ለእርሷ መረጃን በእጅ ማድረግ ማለት ስልኩ ከመነጠቁ በፊት በኢሞ ወይም በዋትስአፕ ለእናቷ ወይም ለእኅቷ መላክ ነው። በኩባንያ መንገድ ትልካለች፤ ቅጂው ግን ኩባንያውም አሠሪውም በማይደርስበት፣ በምታምነው ሰው እጅ ይቀመጣል። ከአነበብናቸው ድርሰቶች ይልቅ ነገሩን የተረዳችው እርሷ ነች ብንል ማጋነን አይሆንም። ማንን እንደምታምን ታውቃለች፤ ምን እንደሚላክና ምን እንደማይላክ ትለያለች።

ማኅበሮቻችንም የጎደላቸው ይህ መለየት ነው። የታተመ መጽሔት፣ የጉባኤ ቃለ ጉባኤ፣ የሙት መታሰቢያ፣ ጸሐፊው ለሕዝብ ብሎ የጻፈው ሁሉ፣ ሊበተን ይገባዋል። በዩኒኮድ ተጽፎ፣ በግልጽ ደንብ ተዘጋጅቶ፣ በወረቀትም ታትሞ፣ ቢያንስ በሦስት አገሮች በሚገኙ ቤተ መጻሕፍት ከነካታሎጉ ቢቀመጥ መልካም ነው። የአባላት ስም ዝርዝር፣ ከአገር ቤት የመጣ ደብዳቤ፣ ዘመዶቹ ገና በዚያ ያሉ ሰው የሰጠው ምስክርነት ግን የተለየ ነው። ይህ በጥቂት ሰዎች እጅ፣ ተመስጥሮ፣ ምናልባትም ከመረብ ውጭ ሊቀመጥ ይገባዋል፤ የማይበጀው ከሆነም ሊቃጠል ይገባዋል። አሁን ግን በብዙ ማኅበራት የሚታየው የዚህ ግልባጭ ነው፤ መጽሔቱ በአንድ ሰው ኮምፒዩተር ተዘግቶ፣ የአባላት ዝርዝሩ በቴሌግራም ሲዞር እናያለን።

በዚህ ላይ አንድ ተራ የሚመስል፣ ሰባኪዎቹም እኛም የምንሸሸው ጉዳይ አለ። ሮችኮ በጃንዋሪ 2025 የማስቶዶንን ባለቤትነት ለትርፍ ላልቆመ ድርጅት ለማስተላለፍ መወሰኑን ያስታወቀው፣ አንድ ሰው የያዘው ነገር ያልተማከለ ሊባል እንደማይችል ስለ ገባው ይመስለናል። የእኛ ማኅበራት የድረ ገጽ ስም በማን ስም እንደ ተመዘገበ፣ ዓመታዊ ክፍያውን ማን እንደሚከፍል፣ የይለፍ ቃሉን ከአንድ ሰው በቀር የሚያውቅ መኖር አለመኖሩን፣ ያ ሰው ቢታመም ወይም ቢሞት ማን እንደሚረከብ በመተዳደሪያ ደንባቸው ጽፈው ይሆን? መሥራቾቹ ዛሬ በሰባዎቹና በሰማንያዎቹ ዕድሜ ላይ ናቸው። ልጆቻቸው አማርኛ ይሰማሉ፤ ብዙዎቹ አያነቡም። በየዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ ለሂሳብ ሪፖርት ግማሽ ቀን ይሰጣል፤ ከዚያ ላይ አንድ ሰዓት ተቀንሶ ለዚህ ጥያቄ እንዲሰጥ፣ በሚቀጥለው ጉባኤ አጀንዳ ላይም እንዲያዝ ሐሳብ እናቀርባለን።